ማኅበሩ ፊቱን ወደ ማን ያዞራል?
(ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ለነዋሪው የቀረበ ጽሑፍ)



በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከሰሞኑ የተለጠፈውን የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ሐሳብ አብዛኞቻችሁ እንዳነበባችሁት እናምናለን። ያላነበበ ካለ ዛሬውኑ ቆም ብሎ ያንብበው። ሐሳቡ ባጭሩ ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሒሳብ መርማሪዎቹ በጉባኤ መመረጣቸው ቀርቶ በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ይሰየሙ። ሦስተኛ፣ ከምንጩ በላይ ያለው የወል ሜዳ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ኮሚቴው ጉባኤውን ሳይጠይቅ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠው።

የተሰጠው ምክንያት «ሕዝቡ አይመጣም፣ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፣ ሥራ ይጓተታል» የሚል ነው። ከዚህም አልፎ በየደጃፉና በየቡናው ላይ «ይኼ የስብሰባ ነገር የደርግ ጊዜ ልማድ ነው፤ የገበሬ ማኅበርን አይተነው የለም እንዴ!» የሚሉ ወገኖች ተነሥተዋል።

እኛ ሐሳቡን በሦስቱም ነጥቦች እንቃወማለን። የገበሬ ማኅበርን ታሪክ ማስታወስ የፈለጉትንም ወገኖች እናመሰግናለን። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከሥሩ እናንሣው። ታሪኩ በእነርሱ ሳይሆን በእኛ በኩል ይመሰክራል።

ከማኅበሩ በፊት የነበረው

ዛሬ ቤታችን ያረፈበት፣ አጥራችን የታጠረበት መሬት ከተማው ሳይደርስበት የገጠር መሬት እንደነበረ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። የገጠር መሬት ደግሞ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ባለቤቱና አራሹ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ነበሩ። በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ሆኖ፣ ካመረተው ላይ ግማሹን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ባለመሬቱ «ልቀቅ» ካለው ይለቃል። ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤቱ በእግር የቀናት መንገድ ነው፤ እዚያ ሲደርስም ዳኛው ብዙ ጊዜ ከባለመሬቱ ጋር የሚበላና የሚጠጣ ሰው ሆኖ ይገኛል። በሰሜኑ ደግሞ የርስት ሥርዓት ስለነበረ ገበሬው በትውልዱ የመሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው፤ የክርክሩ ብዛት ግን ትውልድ አልፎ ለትውልድ ይተርፍ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ገበሬው የሚሰበሰብበት፣ የሚመክርበትና «ይኼ የእኛ ነው» የሚልበት ማኅበር አልነበረውም። ዕድርና ዕቁብ፣ ደቦና ጅጌ፣ ጽዋና ሰንበቴ በየቦታው ነበሩ። መሬትን በሚመለከት ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ የሚወስነው አንድም ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። አዋጁ የግል ባለቤትነትን አስቀረ፤ መሬት መሸጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይከፍለው የነበረውን ኪራይና የነበረበትን ዕዳ ሰረዘ።

ታዲያ መሬቱን ማን ያከፋፍለው? ክረምት እየቀረበ ነው። በአገሩ ሁሉ እየዞረ የሚለካ፣ የሚያካፍልና የሚዳኝ የመንግሥት ሠራተኛ ከየት ይመጣል? አዋጁ ይህንን ሥራ የሰጠው ለነዋሪው ለራሱ ነው። ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር፣ በሚሆን መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ታዘዘ። መሬቱን የማከፋፈል፣ የወል ንብረትን የመጠበቅ፣ የመሬት ክርክርን የሚያይ ፍርድ ሸንጎ የማቋቋም፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከመንግሥት ጋር የመሥራት ኃላፊነት ለማኅበሩ ተሰጠ።

አባል ማን ሊሆን ይችላል ለሚለውም አዋጁ መልስ ነበረው። ጭሰኛው፣ የእርሻ ሠራተኛውና መሬቱ ከ10 ሄክታር ያነሰ ባለመሬት ወዲያው አባል ይሆናሉ። ከ10 ሄክታር በላይ የነበረው ባለመሬት ግን አባል የሚሆነው መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ይህች አንቀጽ ትንሽ መስላ እንዳትታያችሁ። በጉዳዩ ጥቅሙ የሚነካ ሰው መለኪያውን ገመድ ይዞ አይቆምም ማለት ነው። ይህንን ያዙልን፤ ስለ ሒሳብ ምርመራ ስንናገር እንመለስበታለን።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት 60 ሺህ የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን በየቦታው ማኅበራቱን በማደራጀት ረድተዋል። ዘማቹ ግን መጥቶ ሄደ። የትኛው ማሳ ለም፣ የትኛው መካከለኛ፣ የትኛው ጠፍ እንደሆነ፣ የእገሌ ቤት ስንት ነፍስ እንዳለበት፣ የመበለቲቱ ድንበር በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። በገመድና በእርምጃ እየለካ፣ ለሙንና ጠፉን እያቀላቀለ፣ አንዳንድ ቦታም ዕጣ እያወጣ ያከፋፈለው እርሱው ነው። ፍርዱም ከቀናት መንገድ ወደ ዋርካው ጥላ መጣ። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጣቸው፤ ተባብረውም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ በር ከፈተላቸው። ጨው፣ ሳሙናና ልብስ በማኅበር ሱቅ መገኘት የጀመረው እንዲህ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማኅበራቱ ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ደረሰ።

እንግዲህ «ማኅበር ከላይ የተጫነ ነገር ነው» የሚሉ ወገኖች ይህንን ልብ ይበሉልን። አዋጁ ከላይ መጣ፤ ማንም አይክድም። ሥራውን ግን የሠራው ሰብሳቢውን በስሙ የሚያውቀው፣ የተጎዳ እንደሆነም «ይኼ አልተካከለም!» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገረው ነዋሪ ነው።

ሁሉም ወርቅ ነበር ለማለት አይደለም

እንዲህ ስንል የዚያን ጊዜውን ጉድለት መሸፈናችን አይደለም። አዋጁ ጾታ ሳይለይ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ይሰጥ ይላል። በተግባር ግን በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የአባወራው ስም ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት አባል ስትሆን፣ ባለትዳሯ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅም ደብተርም ሳይኖራት ቀረች። ለዘመዱ ለሙን፣ ለባዕዱ ጠፉን የሰጠ ሊቀመንበርም አልጠፋም። በርስት አገርም አዲሱን ሥርዓት በጥርጣሬ ያየው ገበሬ ብዙ ነበር።

ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተበደለ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ሊቀመንበሩን የመረጠው ጉባኤ ሊያወርደው ይችል ነበር። ሊቀመንበሩም ይህንን ስለሚያውቅ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው «ጎረቤቶቼ ምን ይሉኛል?» ብሎ ነው። የማኅበር ጤንነት መለኪያው ይኼው ነው፤ ሊቀመንበሩ ማንን ይፈራል? አባሉን ወይስ ሌላ?

ፊቱን ያዞረበት ጊዜ

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምናውቀው ነው። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በኮታ መሰብሰብ ሲጀምር ኮታው ከላይ እየተቆረጠ ወርዶ በገበሬ ማኅበሩ ላይ አረፈ። ማኅበሩም በየቤቱ አከፋፈለው። ዋጋው የተወሰነ ነው፤ ከገበያው ያነሰ ነው። ያላመረተ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ትናንት መሬት ያካፈለው ሊቀመንበር ዛሬ ጎተራ ቆጣሪ ሆነ።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ፤ ወጣቱን መልምሎ የሚያቀርበው ያው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮም የመንደር ምሥረታው በአገር አቀፍ ደረጃ ሲካሄድ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ ወጋግራውንና ማገሩን ተሸክሞ ወደተመራበት ቦታ እንዲሄድ ያደረገው ማኅበሩ ነው። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በዚህ መልክ ከቀዬው ተነሣ። መዋጮው በዛ፤ ስብሰባው በዛ።

ስብሰባው በዛ ስንል «ይኸው አላልንም!» የሚለን አይጠፋም። ቆይ እንነጋገር። ያን ጊዜ ስብሰባ የተጠላው ሰው ስለተሰበሰበ ነው ወይስ ተሰብስቦ ምንም ስለማይወስን? ውሳኔው አስቀድሞ መጥቷል፤ ነዋሪው የተጠራው ለማጨብጨብ ነው። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣ ያጨበጭባል፤ ምልዓተ ጉባኤም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እንግዲህ የወንበር መሙላትና የማኅበር መኖር አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይምጣ? የገበሬ ማኅበርን የገደለው የአባላት ጉባኤ መብዛት ሳይሆን የአባላት ጉባኤ ሥልጣን ማጣት ነው። ማኅበሩ ፊቱን ከአባሉ አዙሮ ወደ ላይ ማየት ሲጀምር ስሙ ቀረ፣ ነፍሱ ወጣች።

መጨረሻውንም እናስታውስ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ በስንት ዘመቻና ቅስቀሳ የተቋቋሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራቱ መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ፤ ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቀለ። ማን ነቀለው? ብዙ ጊዜ በመዋጮው ያሠራው አባል ራሱ ነው። ሰው የራሱን ቤት ጣሪያ አይነቅልም። የነቀለው የእርሱ መሆኑን ማመን ስላቆመ ነው።

ደግሞ ዕድሩን ተመልከቱት

በዚያው ዘመን በዚያው መንደር የነበረውን ዕድር እንይ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የልማቱንና የአስተዳደሩን ሥራ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር ስለያዙት ዕድሩ በአብዛኛው ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ቀረ። ማንም አላገነነው፤ መፈክርም አልወጣለት። መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፤ ዕድር ግን አለ። ስለምን? ዕድርተኛው የድንኳኑንና የሸክላውን፣ የአግዳሚውንና የድስቱን ቁጥር ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ቆሞ ይናገራል። ዳኛው ቢያጠፋ ይወርዳል፤ ሲወርድም ጠብ የለም፣ ነገ ለቅሶ ላይ አብረው ይቀመጣሉ።

ለጠቅላላ ጉባኤ «አይመጣም» የተባለው ነዋሪ እኮ ለዕድር የሚመጣው ያው ነዋሪ ነው! እግሩ አልታመመም። የሚመጣው የሚጠየቅበትና የሚሰማበት ቦታ ነው።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

እንግዲህ ሦስቱን ነጥቦች በዚህ ሚዛን እናስቀምጣቸው።

ስለ ጉባኤው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ማለት ሁለት ግማሽ ቀን ነው። ለአንድ ሠርግ ከዚያ የበለጠ እንቀመጣለን። ሰው እንዲመጣ ከተፈለገ ጉባኤውን በገበያ ቀን አለመጥራት፣ አጀንዳውን ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብና የተወሰነው መፈጸሙን መንገር ይበቃል። በሽተኛው ምግብ አልበላም አለ ተብሎ ምግቡን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ስለ ሒሳብ ምርመራ፤ ከላይ ያዙልን ያልነውን አሁን አምጡት። አዋጅ ቁጥር 31 እንኳ ጥቅሙ የሚነካው ሰው መለኪያ ገመዱን እንዳይዝ ተጠንቅቋል። ተመርማሪው መርማሪውን ይሹም ማለት ገመዱን ለእርሱ መስጠት ነው። ኮሚቴዎቻችን ያለ ደመወዝ፣ ከቤታቸው ጊዜ ቀንሰው የሚደክሙ ጎረቤቶቻችን መሆናቸውን እናውቃለን፤ ድካማቸውንም እናከብራለን። ለዚህም ነው ምርመራው ነፃ መሆን ያለበት። ንጹሕ ሰው ንጽሕናውን የሚያስመሰክረው ራሱ ባልመረጠው መርማሪ ፊት ነው። ሐሜትን የሚያጠፋው የሒሳብ ወረቀት እንጂ መሐላ አይደለም።

ስለ ወል ሜዳው፤ ያ ሜዳ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት፣ የለቅሶና የሠርግ ድንኳን የሚተከልበት፣ ከብት ያለውም ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ከሥሩም ምንጫችን የሚፈልቅበት ነው። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 እንደተደነገገው መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በወል የያዝነውን ነገር አጠቃቀም አምስት ሰው በር ዘግቶ ይወስን ማለት ግን ነገ አጥር ታጥሮበት ስናገኘው «በሕጋዊ መንገድ የተወሰነ ነው» ለሚል መልስ ከወዲሁ መፈረም ነው። የታጠረ አጥር ደግሞ በክርክር ቶሎ አይፈርስም።

«ታዲያ ሥራው አይጓተትም ወይ?» ለሚለን፣ ኮሚቴው የዕለት ሥራውን እንዲሠራ፣ ቧንቧ ቢሰበር እንዲያሠራ፣ የጥበቃ ደመወዝ እንዲከፍል ማንም አልከለከለውም። አስቸኳይ ነገር ሲመጣም አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። መጓተት ያለበት ነገር ግን አለ፤ የማይመለስ ውሳኔ ይጓተት።

የእኛ ሐሳብ

መቃወም ብቻውን ስለማይበቃ ለጉባኤው የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ መሆኑ ይጽና፤ አጀንዳው ከሁለት ሳምንት በፊት በሰሌዳ ይለጠፍ።

2ኛ/ ሒሳብ መርማሪዎች በጉባኤ ይመረጡ፤ የኮሚቴ አባልም የኮሚቴ አባል የቅርብ ዘመድም አይሁኑ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይውጣ።

3ኛ/ የወል ሜዳውን አጠቃቀም የሚለውጥ ማንኛውም ውሳኔ ከአባላት ሁለት ሦስተኛው በእጅ ማውጣት ሳይደግፈው አይጽና።

4ኛ/ የአባልነት ደብተሩ በባልና በሚስት በሁለቱም ስም ይሁን፤ ሁለቱም የመናገርና የመመረጥ መብት ይኑራቸው። የ1967ቱ መዝገብ ስህተት በእኛ ደብተር ላይ ሊደገም አይገባም። ውሃ ከምንጭ የምትቀዳው እርሷ ሆና ስለ ምንጩ የምትጠየቀው በባሏ አፍ ነው ማለት በዚህ ዘመን ያሳፍራል።

5ኛ/ አንድ ሰው በአንድ የኃላፊነት ቦታ ላይ ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ አይቀመጥ።

ወገኖቻችን፤ በየገጠሩ ዛሬም ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ብሎ የሚጠራ ሰው አለ። ማኅበሩ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ ነው! ስሙ የቀረው ሰው በመጀመሪያ ያየውን ስላልረሳ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ዓመታት፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ስለ መሬቱ ራሱ ወስኗል። ያንን የወሰደበት አንድ ቀን የወጣ አንድ አዋጅ አልነበረም። ዛሬ ይህች ሥልጣን፣ ነገ ያቺ እየተባለ፣ እየተቆነጠረ ነው የሄደው። በእኛም ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ሐሳብ ሦስት ቁንጥጫ ነው።

ጉባኤው በመጪው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ይካሄዳል። እማወራም አባወራም፣ ሽማግሌም ወጣትም ይምጣ። በእግሩ መምጣት ያልቻለውን ጎረቤቱ ደግፎ ያምጣው። ሐሳባችንን የምትቃወሙም ኑ፤ ፊት ለፊት እንከራከር፣ እጅ ይውጣ፣ ይቆጠር። ከተሸነፍን በድምፅ ተሸንፈናልና ውሳኔውን እናከብራለን። ቤቱ ተቀምጦ የቀረ ሰው ግን ሜዳው ሲታጠር «ማን ፈቀደ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ ያልመጣው ሁሉ ፈቅዷል።

የሰሌዳው ጽሑፍ አዘጋጆች